የደብሩ ጦጣዎችና የመተማው ትኩሳት፤ ደም ከሁሉም ለምን ይወሰዳል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ የጎንደሯ አዘዞ ነዋሪ፣ ሥራቸው መምህርነት ነው። ታናሽ ወንድማቸው ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ይዞት ተመለሰ። ጤና ጣቢያ ሄዶ ወባ የለብህም፣ ታይፎይድና ታይፈስ ነው ተባለና መድኃኒት ተሰጠው። በዚያው ሰሞን ተመራማሪዎች ነን ያሉ ሰዎች መጥተው ከሰው ደም፣ በደብሩ ግቢ ጥዶች ላይ ከሚያድሩት ጦጣዎች ደም፣ ከየጓሮው ደግሞ ትንኝ ሲሰበስቡ ሰነበቱ። ሰፈሩ ነገሩን አገጣጠመና “በሽታውን የያዙት ጦጣዎቹ ናቸው” ብሎ ደመደመ፤ በመርዝ እናጥፋቸው የሚሉ ወጣቶችም ተነሥተዋል። ጠያቂዋ የሚሉት፦ “እውነት ጦጣ ናት የምታመጣው? ካልሆነች ደሟ ምን ያደርግላቸዋል? የእኛስ?”

እህቴ፣ ወንድምዎ ይቅደም፤ ጦጣዎቹ ትንሽ ይቆዩን።

ከመተማ የተመለሰ፣ ድንገት ትኩሳት የጣለው፣ መገጣጠሚያውን የሚያሰቃየው ወጣት የወባ ምርመራው ነጻ ሲሆን “ታይፎይድና ታይፈስ” ብሎ መሸኘት በአገራችን ልማድ ሆኗል። ልማዱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በጤና ጣቢያው እጅ ያለው የወባ ምርመራና ቪዳል የሚባለው የታይፎይድ ምርመራ ነው። ቪዳል ደግሞ ድሮ ታይፎይድ ነክቶት የዳነውንም፣ ጭራሽ ሌላ ትኩሳት ያለበትንም ሰው “ፖዘቲቭ” ሊል ይችላል። ባለሙያው ባለው መሣሪያ ሠራ፤ አልወቅሰውም። ችግሩ ደንጊና ቺኩንጉንያ ለሚባሉት ቫይረሶች እዚያ ምርመራ ስለሌለ ስማቸው ካርድ ላይ አይጻፍም። ካርድ ላይ ያልተጻፈ በሽታ ሪፖርት ውስጥ አይገባም፤ ሪፖርት ውስጥ ላልገባ በሽታ ደግሞ የምርመራ ዕቃ የሚገዛ የለም። እንዲህ እያለ ይዞራል።

ሁለቱም ቫይረሶች ግን ለአገራችን እንግዳ አይደሉም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ደንጊ በ2013 ድሬዳዋ ላይ ወረርሽኝ ሆኖ ተረጋገጠ፤ በዚያ ዙር ብቻ ከ11,000 በላይ ሰው ታመመ። ከዚያ ጎዴ፣ ቀብሪደሃር፣ በ2023 ደግሞ አፋር። ቺኩንጉንያ በ2016 ዶሎ አዶ ላይ ታየ፣ በ2019 ድሬዳዋ ገብቶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልጋ ላይ ጣለ። ወደ እኛው ሰፈር ስንመጣ፣ የጎንደር ተመራማሪዎች መተማና ሁመራ ላይ ሁለቱንም ቫይረሶች የምታስተላልፈውን ትንኝ፣ ኤደስ ኤጂፕታይን፣ ከየቤቱ የውኃ ማጠራቀሚያና ከተጣለ ጎማ ውስጥ አግኝተዋታል። ትኩሳት ይዟቸው ከመጡ ሕሙማን ደምም የደንጊ አንቲቦዲ፣ ማለት ሰውነት ቫይረሱን ሲዋጋ የሚሠራው መከላከያ፣ ተገኝቷል።

ወንድምዎ ደንጊ ይያዘው ቺኩንጉንያ ከዚህ ተቀምጬ መፍረድ አልችልም፤ መጠርጠር ግን ይገባል። ትኩሳቱ ካለቀቀው የወባ ምርመራው ይደገም፤ አንድ ቀን ነጻ የሆነ ደም በማግስቱ ወባ ሊያሳይ ይችላል። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ብቻ ይውሰድ። የዳይክሎፍናክ መርፌ፣ አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪን ይቅርበት፤ ደንጊ ከሆነ የመድማት አደጋውን ያብሳሉ። የደንጊ ተንኮሉ ደግሞ ትኩሳቱ ሲበርድ ነው። ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን ባለው ጊዜ “ተሻለኝ” ብሎ ሳለ ሆዱን አጥብቆ ካመመው፣ ማስመለሱ አልቆም ካለ፣ ከድዱ ወይም ከአፍንጫው ከደማ፣ ከፈዘዘ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። ለሐኪሙም መተማ እንደነበረና የተመለሰበትን ቀን ይንገሩ፤ ማንም ሳይጠይቅዎ ይንገሩ። ትኩሳት ላይ እያለ ቀንም ቢሆን አጎበር ውስጥ ይተኛ፤ ምክንያቱን ወደ ታች እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ጦጣዎቹ። የሰፈሩ ግምት ከባዶ አልተነሣም። ቢጫ ወባ፣ ከወባ ጋር ስም እንጂ ዘር ባይጋራም፣ በአፍሪካ ጫካ ውስጥ ቤቱን የሠራው ጦጣና ዝንጀሮ ላይ ነው። ዚካ የሚባለው ቫይረስም መጀመሪያ የተገኘው በ1947 ኡጋንዳ ውስጥ ዚካ በሚባል ጫካ፣ ተመራማሪዎች ሆን ብለው በሽቦ ቤት አድርገው ዛፍ ላይ ካስቀመጧት ጦጣ ደም ነው። ይሁን እንጂ ቫይረሱ ጦጣ ውስጥ ይኖራል ማለትና ጦጣ ለሰው ታስተላልፋለች ማለት የተራራቁ ነገሮች ናቸው። ጦጣ ብትቧጭርዎ፣ በአጥርዎ ላይ ብታልፍ፣ እዳሪዋን ጓሮዎ ብትጥል ቢጫ ወባ አይዝዎትም። (ብትነክስዎ ለእብድ ውሻ በሽታ ሐኪም ቤት መሄድ ግድ ነው፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።) ለማሻገር ትንኝ ያስፈልጋል፤ ያውም ማንኛዋም ትንኝ ሳትሆን ከጦጣም ከሰውም የምትነክስ፣ በመሃሉም ቢያንስ አንድ ሳምንት ያህል በሕይወት የምትቆይ።

ይህን ከሁሉ አጥርቶ ያሳየው በ1940ዎቹ ምዕራብ ኡጋንዳ፣ ብዋምባ ላይ የተሠራው ሥራ ይመስለኛል። አሌክሳንደር ሃዶው የተባለ ስኮትላንዳዊና የአካባቢው ረዳቶቹ ዛፍ ላይ ቆጥ ሠሩ። አንዱን ሰው መሬት፣ ሌላውን መካከል፣ ሦስተኛውን ከዛፉ ጫፍ አስቀምጠው ቀንና ሌሊት፣ ሙሉ 24 ሰዓት፣ ልትነክስ የምትመጣውን ትንኝ በየሰዓቱ እየያዙ ይመዘግቡ ነበር። ኤደስ አፍሪካነስ የምትባለው ትንኝ መሬት ላይ ብዙም አትገኝም፤ ፀሐይ እንደጠለቀች ግን የዛፉን ጫፍ ትወርረዋለች። ጦጣዎች ለአዳር የሚሰፍሩት እዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ነው። ቫይረሱ በዚህ መንገድ ከጦጣ ጦጣ ይዞራል፤ መሬት ላይ ያለው ሰው አያውቀውም። የአፍሪካ ጦጣዎች ደግሞ ብዙም አይታመሙበትም። ቫይረሱ ጥቂት ቀን በደማቸው ይሰነብትና መከላከያ አበጅተው ይቀጥላሉ። ጣጣው የሚጀምረው ጦጣዋ ሙዝ ልትሰርቅ ማሳ ስትወርድ ነው። በሙዝ ቅጠል ብብት በሚቋጠረው ውኃ ውስጥ ሌላ ትንኝ ትፈለፈላለች፤ ኤደስ ሲምፕሶኒ ትባላለች። እሷ ሌባዋን በጠራራ ፀሐይ ትነክሳለች፤ ከ10 ቀን ገደማ በኋላ ደግሞ ሙዙን ሊቆርጥ የመጣውን ባለማሳ።

ያን ሁሉ ለማወቅ የጦጣዋንም፣ የትንኟንም፣ የገበሬውንም ደም ማየት ነበረባቸው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ታሪኩ አይያያዝም ነበር። አዘዞ የመጡት ሰዎች ሥራም ይኸው ነው።

የእኛም አገር መከራ በዚሁ መንገድ የመጣ ነው። ከ1960 እስከ 1962 በኦሞ ወንዝ ሸለቆና በዙሪያው ቢጫ ወባ ተነሥቶ 100,000 ያህል ሰው ታሞ 30,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል፤ በአፍሪካ ከተመዘገቡት የቢጫ ወባ ወረርሽኞች ሁሉ የከፋው ተብሎ ይጠቀሳል። ሕዝቡ አልተከተበም። ከሰው ወደ ሰው ያዛመተችው በዋናነት ያችው የሲምፕሶኒ ወገን ነበረች፤ መፈልፈያዋ ደግሞ የእንሰት ቅጠል ብብት፣ እንሰቱም በየጎጆው ደጃፍ። አዲስ አበባ የነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ሰዎች በኋላ ጫካ ገብተው የዱር እንስሳት ደም ሲመረምሩ ከረሙ፤ ስለዚህ በደብራችሁ ግቢ ያያችሁት ነገር ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። ቢጫ ወባም ከዚያ ወዲህ ደቡብ ኦሞ ላይ በ2013፣ ወላይታ ላይ በ2018፣ ጉራጌ ላይ በ2020 ብቅ ብሏል። እኛ ጎንደሮች እንሰቱን ኮባ ብለን ለዳቦ መጋገሪያ ቅጠሉን ብቻ ነው የምንፈልገው፤ ቢሆንም በየጓሮው አለ። ሰዎቹ ከኮባዎ ቅጠል ብብት ውኃ በፒፔት፣ በቀጭን መሳቢያ ቱቦ፣ ሲስቡ ካዩ እብደት አይምሰልዎ።

ለወጣቶቹ ደግሞ ይህን ንገሩልኝ፦ ጦጣ መግደል አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ከ2016 እስከ 2018 ብራዚል ላይ ቢጫ ወባ ሲነሣ ሰው በፍርሃት ጦጣዎችን በዱላና በመርዝ መግደል ጀመረ። የደቡብ አሜሪካ ጦጣዎች ከእኛዎቹ በተለየ በቫይረሱ ክፉኛ ያልቃሉ፤ ጫካ ውስጥ ሞተው ሲገኙ ነበር የጤና ባለሙያው ቫይረሱ የት እንደደረሰ አውቆ ክትባት ይዞ የሚቀድመው። በሰው እጅ የሞተውና በበሽታ የሞተው ሲደባለቅ ያ ምልክት ታወከ። ትንኟ ደግሞ ጦጣው ስላለቀ ደም መፈለጓን አትተውም፤ ያገኘችውን ትነክሳለች። ከዚህም በላይ የዱር እንስሳ መግደል በሕግ ያስጠይቃል፣ መርዙም ውሻውንና ጥንብ አንሣውን ይዞ ይሄዳል። እግረ መንገዴን፣ አንዳንድ አስጎብኚዎች የስሜን ጭላዳዎችን ጨምረው ሲጠይቁኝ እሰማለሁ። የስሜኑ ጭላዳ አብዛኛውን ጊዜ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለ ውርጭ ገደል ላይ የሚያድር እንስሳ ነው፤ እዚያ እንዲህ ያለ ቫይረስ የምታዞር ትንኝ አትበረክትም። ቫይረሱን መፈለግ ካስፈለገ ወደ ቋራ፣ ወደ አላጥሽ፣ ወደ መተማ ቆላ ነው መውረድ።

ደሙ ምን ያደርግላቸዋል ላሉት፦ ጦጣዋ በማደንዘዣ ትተኛለች፤ ጥቂት ሚሊ ሊትር ደም ይቀዳል፤ ነቅታ ከመንጋዋ እስክትቀላቀል ይጠበቃል። ከዚያ ደሙ ሁለት ጥያቄ ይጠየቃል። አንደኛው፣ ቫይረሱ አሁን አለ ወይ? ይህ ፒሲአር በሚባለው፣ የቫይረሱን የራሱን የዘር ቁስ አባዝቶ በሚያሳይ ምርመራ ይታያል፤ ነገር ግን ቫይረሱ በደም የሚቆየው ጥቂት ቀን ስለሆነ በዚያች ሳምንት ካልደረሱባት አያገኙትም። ሁለተኛው፣ ከዚህ በፊት አልፎባት ያውቃል ወይ? ይህ በአንቲቦዲ ይታያል፤ አንቲቦዲ የቫይረሱ ዱካ ነው፣ ለዓመታት ይኖራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ከአሮጊቷ ጦጣ ይልቅ የግልገሏ ደም ዋጋው ይበልጣል። አሮጊቷ አንቲቦዲ ቢገኝባት መቼ እንደያዛት አይታወቅም። ጡት ከጣለች ወራት የሆናት፣ ዓመቷን የደፈነች ግልገል ላይ ከተገኘ ግን ቫይረሱ በዚህ ዓመት እዚህ ግቢ አልፏል ማለት ነው።

በሰውም ያው ነው። “ተወልደው ያደጉት የት ነው? መተማ ወርደው ያውቃሉ? ሱዳን ነበሩ? የቢጫ ወባ ክትባት ተከትበዋል?” እያሉ የሚያደክሙዎት ለዚህ ነው። የወንድምዎ ደም አንቲቦዲ ቢያሳይ መተማ የያዘው ሊሆን ይችላል። ከአዘዞ ወጥቶ የማያውቅ የ6 ዓመት ልጅ ላይ ቢገኝ ግን ቫይረሱ አዘዞ ገብቷል። ስለዚህ ልጆቻችንን ለምን ፈለጓቸው ብላችሁ የተቆጣችሁ ወላጆች፣ ቁጣው ቢገባኝም፣ ከሁሉም ደም የበለጠ የሚናገረው የእነሱ ነው።

አንቲቦዲም ቢሆን ይዋሻል። ደንጊ፣ ዚካ፣ ዌስት ናይልና ቢጫ ወባ የአንድ ቤተሰብ ቫይረሶች ናቸው፤ አንዱ የያዘው ሰው ደም ሌላውን ለመለየት በሚሠራው ፈጣን ምርመራ ላይም “ፖዘቲቭ” ሊያሳይ ይችላል። የቢጫ ወባ ክትባት የተከተበም እንደዚሁ። ለመለየት ሕያው ቫይረስ በሴል ላይ አሳድጎ፣ የሰውየው ደም የትኛውን ቫይረስ እንደሚያመክን ማየት ያስፈልጋል። ሥራው ቀናት ይፈጃል፣ ጥንቃቄው ብርቱ ነው፣ በየከተማውም አይሠራም። (ለዚህ የምንጠቀምባቸው ሴሎች በ1962 ጃፓን ውስጥ ከአንዲት የአፍሪካ ጦጣ ኩላሊት ተወስደው እስከ ዛሬ የሚራቡ ናቸው። የደብራችሁ ጦጣዎች የቅርብ ዘመድ ናት፤ ለወጣቶቹ ይህንንም ጨምሩላቸው።) በበኩሌ፣ የአገራችን ጥናት አንቲቦዲ ላይ ብቻ መንጠልጠሉን አልወደውም። “ይህን ያህል በመቶ ተገኘ” የሚል ወረቀት በዝቷል፤ በሽተኛው በ3ኛ ቀኑ ጤና ጣቢያ ሲገባ ደሙን ቀድቶ በቅዝቃዜ አቆይቶ ቫይረሱን ራሱን የሚይዝ ሥራ ግን ጥቂት ነው። የ3ኛ ቀን አንድ ብልቃጥ ደም፣ ቫይረሱ ከየት እንደመጣ እስከ ዘሩ ይናገራል። የሱዳኑ ነው? የድሬዳዋው? ያን በአንቲቦዲ አናውቀውም።

ትንኞቹን በተመለከተ አንድ ጠዋት ላብራቶሪ ገብተው ቢያዩ ደስ ይልዎታል። ሌሊቱን በመብራት ወጥመድ፣ ቀኑን በሰው ጠረን በሚያባብል ወጥመድ የተያዙት በብርድ ደንዝዘው ነጭ ሳህን ላይ ይፈሳሉ። ሳህኑም በበረዶ ላይ ነው፤ ሙቀት ካገኙ ቫይረሱ ይበላሻል። በማጉያ ሥር ባለሙያዋ በወረንጦ አንድ በአንድ ታገላብጣለች። ኤደስ ኤጂፕታይ ከሌሎቹ በጀርባዋ ትታወቃለች፤ ጥቁር ሆና በጀርባዋ ላይ በነጭ ቅርፊት የተሣለ የክራር ቅርጽ አላት፣ እግሮቿም ነጭና ጥቁር ቀለበት ናቸው። ወንዶቹ አይነክሱምና ለብቻ ይቀመጣሉ። ሴቶቹ በዓይነት በዓይነታቸው እስከ 50 እየሆኑ በአንድ ብልቃጥ ይፈጫሉ፤ እያንዳንዷን ለብቻ መመርመር ከገንዘብም ከጊዜም በላይ ነው። ሆዷ ደም ቋጥሮ የቀላች ከተገኘች ግን አትፈጭም፤ እሷ ለብቻዋ ነች። በሆዷ ያለው ደም የማን እንደሆነ፣ የሰው፣ የላም፣ የዶሮ ወይስ የጦጣ፣ በዲኤንኤ ይለያል። የሰፈራችሁ ጥያቄ መልስ የሚገኘው ከዚያች ጠብታ ነው። የደብሩን ጦጣና የአዘዞን ሰው ሁለቱንም የምትነክስ ትንኝ ከሌለች፣ ጦጣዎቹ ቫይረስ ቢኖርባቸውም ለእናንተ ድልድይ የለም።

ታዲያ ጎንደር ላይ ስጋቱ ምን ያህል ነው? ከተማዋ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ይህ ብዙ ይጠብቃታል። ትንኝ የታመመ ሰው ደም ስለጠጣች ወዲያው አታስተላልፍም፤ ቫይረሱ ከሆዷ አልፎ ምራቋ እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል። ለደንጊ በ30 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሳምንት ያህል ይበቃዋል፤ በ25 ዲግሪ 15 ቀን ገደማ ይሆናል፤ እንደ ጎንደር 20 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ከዚያም ይረዝማል፣ አብዛኞቹ ትንኞች ደግሞ ያን ያህል አይኖሩም። መተማ ግን በመጋቢትና በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚነድድ አገር ነው፤ እዚያ ነገሩ ሁሉ ይፈጥናል።

ከፍታን ብቻ ተማምኖ መተኛት ግን አይበጅም። ደምቢያ ከጎንደር ብዙም የማይርቅ፣ ከጣና ዳር ያለ ወይና ደጋ ነው፤ በ1953 እዚያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ወደ 7,000 ሰው እንደገደለ ተመዝግቧል። የጎንደር የጤና ኮሌጅ፣ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ፣ በ1954 ሲከፈት ይህ ሐዘን ገና ትኩስ ነበር። ወባ የሌላ ትንኝ፣ የሌላ ተውሳክ በሽታ ነው፤ ቢሆንም በዚያ ዓመት ዝናቡና ሙቀቱ ሲገጥም ከፍታው አላስጣለም።

ሁለተኛው ነገር የእኛው የውኃ ችግር ነው። ውኃ በፈረቃ የሚመጣባት ከተማ በርሜልና ሮቶ የሌለው ቤት የላትም። ኤደስ ኤጂፕታይ የቆሸሸ ረግረግ አትወድም፤ የምትፈልገው ይኸው ጥላ ሥር የተቀመጠ ንጹሕ ውኃ ነው። እንቁላሏን ውኃው ላይ ሳይሆን ከውኃው ጠርዝ ከፍ አድርጋ በበርሜሉ ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች፤ እንደ ጥቀርሻ የጠቆሩ ደቃቅ ነጥቦች ናቸው። ውኃው ቢያልቅ እንቁላሉ ለወራት ደርቆ ይቆያል፣ ውኃ ሲመለስ ይፈለፈላል። ስለዚህ በርሜል መድፋት ብቻውን አይበቃም፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ግድግዳውን በሻካራ ብሩሽ ፈትጎ ማጠብ፣ ከዚያ በክዳን ወይም በጨርቅ ግጥም አድርጎ መክደን ነው። ክዳኑን ድንገት ሲያነሡ ጥላ አይተው እየተጠማዘዙ ወደ ታች የሚወርዱ ደቃቅ ትሎች ካዩ የትንኝ እጮች ናቸው፤ የየትኛዋ ትንኝ እንደሆኑ ለማወቅ በጠርሙስ አድርገው ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይስጧት።

የወንድምዎ አጎበር እዚህ ላይ ይመጣል። ይህች ትንኝ በቀን፣ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ነው የምትነክሰው፤ ማታ የሚዘረጋ አጎበር አያገኛትም። ከተፈለፈለችበትም አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት መቶ ሜትር አትርቅም። መተማና ጎንደርን የሚያገናኘው እንግዲህ የትንኝ ክንፍ አይደለም፣ ሚኒባስ ነው። ደንጊ ወይም ቺኩንጉንያ የያዘው ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቫይረሱ በደሙ ሞልቷል፤ ቤት ውስጥ ቀን ሲተኛ አንዷ ከበርሜላችሁ የወጣች ብትነክሰው የጎረቤት ሰንሰለት ከእሱ ይጀምራል። ለሁለቱ በሽታዎች ቫይረሱን የሚያዞረው ሰው ራሱ ነው፤ ጦጣ ጭራሽ አያስፈልግም። የሱዳንም ነገር ከዚሁ ጋር ይሄዳል። በ2023 መጀመሪያ ካርቱም ራሷ በደንጊ ተመትታ ነበር፤ በሚያዝያ ጦርነቱ ሲነሣ ብዙ ሰው በገላባት በኩል መተማ ገባ። ስደተኛውን በሽታ አመጣህ ማለት ጦጣዋን ከመክሰስ አይለይም። የሚያስፈልገው መተማ ላይ ትኩሳት ያለበትን ሰው በጊዜ መመርመርና በርሜሉን መክደን ነው።

ትንኝ ስለምታዞራቸው ሌሎች ቫይረሶች ባጭሩ። ዌስት ናይል የወፍ ቫይረስ ነው፤ በ1937 ኡጋንዳ ተገኘ፣ በ1999 ኒው ዮርክ ሲገባ ቁራዎች እየሞቱ ነው ያሳበቁበት። ጣና ዳር በበጋ ከአውሮፓ የሚመጡ ወፎች እልፍ ናቸውና ተመራማሪ ደምቢያና ፎገራ ላይ ወፍ ሲይዝ ቢታይ ይህን እየፈለገ ነው። የምታዞረው ኩሌክስ የምትባል የሌሊት ትንኝ ናት። ሰውና ፈረስ ይታመሙበታል እንጂ መልሰው ለትንኝ አያስተላልፉም፤ የጋሪ ፈረሶች ደም ግን ቫይረሱ ማለፉን ስለሚናገር ባለጋሪዎች ቢጠየቁ አይግረማቸው። የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የሚባለው ደግሞ በ1931 ኬንያ ናይቫሻ ላይ በበጎች የታወቀ ሲሆን ከባድ ዝናብና ጎርፍ ተከትሎ ይመጣል፤ በ2007 ሱዳን ውስጥ ብዙ ሰው ገድሏል። ይህኛው ከትንኝ ይልቅ በከብት ደምና በጭንገፋ በኩል ነው ሰውን የሚይዘው። ቋራና መተማ ዘመድ ያላችሁ፣ በአንድ ሰሞን በጎቹ በጅምላ ከጨነገፉ በባዶ እጅ አትንኩ በሏቸው፤ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያሳውቁ።

ሰዎቹ ተመልሰው ሲመጡ ደም መስጠትም አለመስጠትም መብትዎ ነው፤ ማንም ሊያስገድድዎ፣ እምቢ ቢሉም ከሕክምና ሊያጎድልብዎ አይችልም። የሥነ ምግባር ኮሚቴ የፈቀደበትን ደብዳቤ ያሳዩዎ። ለጦጣዎቹም ከዱር እንስሳት ጥበቃ የተሰጠ ፈቃድ ይኖራቸዋል። ናሙናው ከአገር ይወጣ እንደሆነ፣ ቫይረስ ቢገኝብዎ ለእርስዎ ይነገርዎ እንደሆነ፣ የሰፈሩ ውጤት መቼና የት እንደሚነገር በቃል ሳይሆን በወረቀት ይጻፍ። ይህን አጥብቄ የምለው ከሙያ ባልደረቦቼ መካከል ደም ቀድቶ የሚጠፋ ስላለ ነው። ጽሑፉ ውጭ አገር መጽሔት ላይ ይወጣል፤ ክንዷን የዘረጋችው እናት ግን ምን እንደተገኘ ሳትሰማ ትቀራለች። ሰፈሩም ወሬ ፈጥሮ ጦጣ ላይ የሚነሣው ማንም ስላላስረዳው ነው።

ከወንድምዎ በታመመበት ሳምንት ደም ወስደው ከሆነ አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። ከመጀመሪያው በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ልዩነት ሁለተኛ ደም ይውሰዱለትና ሁለቱ በአንድ ቀን ጎን ለጎን ይመርመሩ። የደንጊ ወይም የቺኩንጉንያ አንቲቦዲው በመካከሉ አራት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ጨምሮ ከተገኘ በዚያ ሰሞን ቫይረሱ ወይም የቅርብ ዘመዱ እንደያዘው ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ ውጤቱን በጽሑፍ ተቀብሎ ወደዚያው ጤና ጣቢያ ይሂድና ካርዱ ላይ ያስጽፈው።